ድምፅ የሌለው ላፕቶፕ

ብቸና፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ትናንት ሞጣ ሄጄ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። የመንገዱ ድካም ገና አልወጣልኝም። ባለሱቁ ሐጂ ሦስት አወጡልኝ። እኔ የጠየቅኋቸው ማቀዝቀዣ ፋኑ ይጮኻል ወይ ብዬ ብቻ ነው። «ሰው ፍጥነቱን ነው የሚጠይቀኝ» አሉ። ጆሮዬን እያስጠጋሁ አዳምጬ ጸጥ ያለውን ያዝኩ።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የተቀኙትን በቃላቸው ይሉልኛል፣ እኔ በላፕቶፕ እቀዳለሁ። የአሮጌው ላፕቶፕ ፋን በመሀል ይጮኽና ቀረጻውን ያበላሸዋል። አባቴ ያን ጊዜ «ደክሞታል፣ ትንሽ ይረፍ» ብለው ጋደም ይላሉ። እኔ እበሳጭ ነበር።

ዛሬ ጠዋት በአዲሱ ጀመርን። ኮሽ አላለም። አባቴም አላቆሙም። ቀረጻው ጥርት ብሎ ሲመጣልኝ እኔም አላስቆምኳቸውም። የነቃሁት ድምፃቸው ሲሰልል ነው።

«አባ፣ ምነው አላረፉም?»

«እሱ መቼ ደከመው» አሉኝ።

አሁን ተኝተዋል። አሮጌውን ላፕቶፕ ከሣጥን አውጥቼ ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩት። ነገ ሁለቱንም እከፍታለሁ።