የአባቴን ጫማ ስላስተዋወቁልኝ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የተመልካች ጥናትና የዝግጅት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቤትዎም በር ጠንካራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአለቆችን ደብዳቤ በመተየብ ያረጀሁ ጸሐፊ ነኝና አክብሮት አያልቅብኝም። ባለፈው ሰሞን በሰጡት ቃለ መጠይቅ የዝግጅት ሐሳብ ከየት እንደምታመጡ ሲጠየቁ፣ «እኛ አንፈጥርም፤ ሕዝቡ በየግሩፑ ሲያወራ ቁጭ ብለን እንሰማለን» ማለትዎን አድምጬ እጅግ ተደስቻለሁ። ከሰማችኋቸው አንዷ ነኝና ላመሰግን ተነሣሁ።

ግሩፓችን ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች በስልክ የሚጨዋወቱባት ናት። አንዷ የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣባት ማን አብሯት እንደሚቆይ ትጠይቃለች፣ ልብስ ሰፊዋ ገመድ ላይ የወንድ ሸሚዝ ታሰጣለች፣ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤቴ ደጃፍ የሟች አባቴን ጫማ አስቀምጣለሁ። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ እግሩ ትልቅ፣ የግራ ጫማው በረገጠ ቁጥር ሲጥ የሚል። ልጆች ሳለን ያ ድምፅ ከደረጃው ሲሰማ ጨዋታችንን ጥለን ደብተር እንገልጥ ነበር። ከሞተ በኋላ ጫማውን ቦታ እያለዋወጥኩ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ እያስነካሁ፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ እዚህ ቤት ወንድ አለ እንዲል አደረግኩ። ብልሃቱን ለእህቶቼ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።

እንግዲህ ቅሬታ እንዳይሉብኝ እንጂ፣ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ. ያችን ትሑት አጥኚዎን ስለላኩልን። አዲስ ተከራይ ነኝ፣ ዘመድ የለኝም፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ይጠፋል ብላ ነበር ግሩፓችን የገባችው። አንጀታችንን በላችው። ነርሷ አባላችን ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻት፤ ልብስ ሰፊዋ እኔ ዘንድ መጥተሽ እደሪ ብላ ለመነቻት፤ እኔ ደግሞ ለራሴ በር የገዛሁትን የብረት መቀርቀሪያ ከነብሎኑ አምጥቼ በመሥሪያ ቤቴ በር ላይ አስረከብኳት። ላንቺስ ብትለኝ፣ ለእኔ የአባቴ ጫማ ይበቃኛል አልኳት። ይህችን ነገር ከማስታወሻዋ አላስቀረቻትም መሰለኝ።

2ኛ. «የላጤ ሴቶች አስቂኝ ብልሃቶች» ስላሉት ዝግጅት። አቅራቢው ታንኳ የሚያህል ጫማ አንሥቶ ሲያሳይ፣ ከኋላው የሳቅ ድምፅ ሲለቀቅ፣ የእኔው መቀርቀሪያ ጠረጴዛው ላይ ለጌጥ ተጋድሞ ሲታይ፣ አገር ሳቀ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እናንተ ግን ስንት ሰው እንደላሰ ቆጥራችሁ ለማስታወቂያ ሰጪዎቻችሁ አቀረባችሁ። ያ ጫማ ወንድ አለ ይል ነበር፤ ከዝግጅትዎ ወዲህ ወንድ የለም ይላል። በየኮሪደሩ ምን መፈለግ እንዳለበት ላልገባው ሁሉ እንዲህ አቅልሎ ያስረዳ መምህር እስከ ዛሬ አላየሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

3ኛ. ለአቤቱታዬ ስለሰጡት ፈጣን መልስ። ስም አልጠራንም፣ ፊት አላሳየንም፣ የተወራውም በግልጽ የተወራ ነው ብለው ጽፈውልኛል። ልክ ነዎት። በሬን የሚፈልግ ሰው ስሜን ምን ያደርግለታል?

ቀጣዩን በየትኛው ተራ ቁጥር እንደማስገባው አላውቅም። ዝግጅቱ በታየ ሰሞን ከሥራ ስመለስ ጫማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙረው አገኘኋቸው። ደረጃውን የሚጠርጉትን እናት ብጠይቅ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ የሰው ጫማ ምን አስነካኝ» አሉኝ። ላስገባው አልኩና፣ ካስገባሁት መፍራቴን ያውቃል ብዬ ተውኩት። በሌላ ቀን ሁልጊዜ ፈትቼ የምተወው ማሰሪያ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ቆየኝ። ከዚያ ደግሞ ጫማው ተወልውሎ፣ ቀለም ተቀብቶ አደረ። አባቴ በሕይወቱ እንዲያ የሚያበራ ጫማ አድርጎ አያውቅም። አንድ ሰው ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሁለቱንም ወልውሏል፤ እኔ ከበሩ ወዲህ ነበርኩ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ።

የልብስ ሰፊዋም ሸሚዝ ከገመዱ ወርዶ፣ በወጉ ተጣጥፎ፣ መስኮቷ ሥር ተቀምጦላታል። ከዚያ ወዲህ ግሩፓችን ጭር ብላለች። አጥኚዎ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ እያለች፣ «እህቶች፣ ከጫማው ሌላ አዲስ ብልሃት የላችሁም?» ትላለች። ትጋቷ ያስቀናል።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ መቀርቀሪያዬን ይመልሱልኝ። ለዝግጅቱ ጌጥ ካስፈለገ የአባቴን ጫማ በለውጥ እሰጣለሁ፣ ቀለሙም ገና አልደበዘዘም።

የተመልካችዎን ቁጥር እንደ አሸዋ ያብዛልዎ፤ ከተመልካቹም መካከል አንዱ እንኳ የእርስዎን ቤት ደረጃ እንዳይወጣ አጥብቄ እየተመኘሁ፣ ሳልጠየቅ ሐሳብ ያዋጣሁልዎ፣ ሳልፈቅድም ያገለገልኩዎ፣

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ

ግልባጭ፦ ጫማውን ለወለወለው ሰው፤ የዝግጅትዎ ታማኝ ተከታታይ ስለሆነ ይደርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን፣ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙት እዚያ ነውና፣ ግሩፑ ላይ ልለጥፍ ስል በሩን ገርበብ አድርጌ ብመለከት ጫማዎቹ የሉም። ገና ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ተራ ሌባ ወሰዳቸው፣ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። አሁን ግን ከታች፣ ከደረጃው፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ በአንደኛው እግር ብቻ፣ በግራው። ለሚቀጥለው ዝግጅት ሐሳብ እንዳይቸግርዎ እንደሰማሁት እጽፍልዎታለሁ፤ አጥኚዎን ማድከም አያስፈልግም። ሁለተኛውን ፎቅ አልፏል።