ሰበታን የዋጠው አድራሻ

ሰኞ
መንገድ ዛሬም ዝግ ነው። ጎማ ተቃጥሏል፣ ታክሲ የለም፣ አለቃዬ «ከቤት ሆነሽ ሥሪ» ብሏል። አከራዬ ኦቦ ቶላ ሰላም አላሉኝም! ስለ እናቴ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጉንፋኔ ሳይጠይቁ የማያሳልፉኝ ሰው ፊታቸውን አዞሩ።

ማክሰኞ
ምክንያቱን ነገሩኝ። እሳቸው የአንድ አልጋ መሸጫ የሰበታ ቅርንጫፍ ኃላፊ ናቸው፤ የሱቁን ድረ ገጽ በአለቃዬ ትእዛዝ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሰበታን ገጽ ከፍተው «ስልክ» የሚለውን ሲነኩ የአዲስ አበባው ዋና ሱቅ ቁጥር ይመጣል። ቡራዩም ሱሉልታም እንዲሁ።
«ሂንታኡ! አይሆንም!» አሉ። «ማስተር ፕላኑ ሰበታን አዲስ አበባ ውስጥ መክተት ቢያቅተው አንቺ በኮምፒውተር ጨረስሽው? ሰፈሩ ምን ይለኛል? ወይ አስተካክዪ፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልጊ።»
በዚህ ግርግር ማን ያከራየኛል? ፈራሁ።

ረቡዕ
ኢንተርኔት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ጥፋቴን ግን አገኘሁት። የምሠራበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ሁለት አድራሻ ሲያገጣጥም፣ መነሻው መጨረሻ ላይ ስላሽ (/) ከሌለው የመጨረሻዋን ቃል ጥሎ አዲሷን በቦታዋ ይተካል። «ሱቅ/ሰበታ» ላይ «ስልክ» ስቀጥል ሰበታን አውጥቶ «ሱቅ/ስልክ» ያደርገዋል። ያ ደግሞ የአዲስ አበባው ነው። በአንድ ስላሽ ቤት ላጣ!
ለኦቦ ቶላ ላስረዳቸው ሞከርኩ።
«ሰበታን የሚጥል ቋንቋ ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

ሐሙስ
ስላሾቹን ጨምሬያለሁ፤ ድረ ገጹ ላይ የምጭንበት ኢንተርኔት ግን የለም። የፈሩት ይደርሳል፤ ኦቦ ቶላ ክፍሌን ለአንድ ሰው አሳዩ። ሰውዬው አልጋውን የት እንደሚያደርግ እፊቴ በእርምጃ ለካ። ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ሽሮ በላሁ።

ዓርብ
ኢንተርኔት መጣ! ጫንኩት። ኦቦ ቶላን ጠርቼ በስልካቸው አስከፈትኳቸው። ሰበታ፣ ስልክ፣ የራሳቸው ቁጥር! ፈገግ አሉ። እኔም ተነፈስኩ።
ቀጥለው «ዋናው ሱቅ» የሚለውን ነኩ። እሱን ረስቼው ነበር። አሁን ስላሽ ስላለ የሚጣል ቃል የለም፤ አድራሻው «ሱቅ/ሰበታ/አዲስ-አበባ» ሆኖ ቁጭ አለ። ከሥሩ፦ «ገጹ አልተገኘም።»
ጮክ ብለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት።
«አዲስ አበባ በሰበታ ሥር?»
እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ! ቤቱ ያንቺ ነው። ይህን ገጽ ግን እንዳትነኪው!» ብለው ስልካቸውን ለጎረቤት ሊያሳዩ ወጡ።
አለቃዬ እየደወለ ነው። ዋናው ሱቅ ጠፍቶበት ይሆናል። አስተካክለዋለሁ፤ ግን ኦቦ ቶላ ሰፈሩን አዳርሰው እስኪመለሱ ስልኩን አላነሳም።