የሰፋ ነገር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ልብስ ስፌቱ ቤትም ሥራ ሞልቷል።

ባለቤቴ ስድስት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ስትነሣ ሐኪሟ፣ «የጽንሱ አንዱ ኩላሊት ትንሽ ሰፋ ብሏል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል፤ ከወር በኋላ ደግመን እናየዋለን» አሉን። እሷ መንገድ ላይ፣ «የልብስ ሰፊ ልጅ ቢሰፋ ምን ይገርማል?» አለችኝና ተሳሳቅን።

ዛሬ ግን አንድ ደንበኛ ተቆጥቶኝ ሄደ። እንዳሳጥርለት የሰጠኝን ሱሪ ለካ አጥብቤዋለሁ። ከሐኪም ቤት ከመጣን ወዲህ ይህ ሦስተኛው ሱሪ ነው። እኔ እኮ የሰፋ ነገር እያየሁ ወር ጠብቅ ተብዬ አላውቅም።

ለልጆችሽ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እጁ አላርፍ ያለው ወንድምሽ