ባለ ጣዎሱ፣ ባለ ርግቧ እና የእኔ ጢም

ይድረስ ለምወድሽና ለምመካብሽ ልጄ ለወይዘሮ ንግስት ገሠሠ፤
አሰብ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የአሰብ ወበቅ እንዴት ይዞሻል? ባልሽስ አቶ አምሐ የወደቡን ሥራ ተላመደው ወይ? የሕፃኑስ ሳል ለቀቀው? ጾሙን አስፈጽሞ ለትንሣኤው ብርሃን ያደረሰን አምላክ በያላችሁበት ይጠብቅልን። እኛ በጎፋ ደኅና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከሚነካካት በቀር ቤቱን እንደ ልማዷ ታስተዳድራለች፤ እኔንም ጭምር።

በጥር ወር በጻፍሽው ደብዳቤ አንድ ነገር እንድቆርጥልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አሰብ ስትወርጂ ለእኔ አደራ የሰጠሽኝ የጠጉር ቤትሽ ስም የቆመበት ጠጉር ማለስለሻ፣ ባለ ጣዎሱ ቅባት፣ ከውጭ አገር መግባቱ ቀርቶ በመደርደሪያው ላይ ሁለት ጣሳ ብቻ ተርፎ ነበር። የመርካቶው ነጋዴ አቶ ሸምሱ ደግሞ ክዳኑ ላይ ርግብ የተሣለበት ሌላ ቅባት አምጥቶ ይህን ያዙ ይለን ነበር። ሴቶቹ በሥዕሉ እንጂ በፈረንጅ ስሙ እንደማይጠሩት አንቺም ታውቂያለሽ። ወደ ባለ ርግቧ እንሻገር ወይስ መርከብ እስኪመጣ እንጠብቅ የሚለውን «አባዬ፣ እርስዎ ይዩት፤ እርስዎ ያሉት ይጸናል» ብለሽ ለእኔ ተውሽው። የሠርጉ ወራት ከፋሲካ ማግሥት እንደሚጀምር፣ ያን ጊዜ ያልሠራ ጠጉር ቤትም ክረምቱን ተከፍቶ እንደማይከርም ስለማውቅ ነገሩን አላቃለልሁትም።

እኔ በተማርሁበት ጉባኤ ቤት ያልተፈተነበትን አውቃለሁ የሚል ተማሪ አርጩሜ ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ በሰው ጠጉር ላይ ከመፍረዴ በፊት ቅባቱን በራሴ ላይ ልፈትነው ወሰንሁ። የራስ ጠጉሬ ከተሰናበተኝ ቆይቷል፤ የቀረኝ ጢሜ ነው። በመጋቢት መጨረሻ፣ በዕለተ ረቡዕ፣ አንቺው ያሠለጠንሻትን ዙሌካን ጢሜን ቀቢኝ አልኋት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያም ቀባችኝ። ከዐሥር ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ በጣሳው ላይ ተጽፏልና ሲሞላ ላጥብዎት አለችኝ። እሺ ብዬ ወደ ጓዳው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወዲያው የስድስት ሰዓት ጸሎት ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትሽም። ገሠሠ ለጸሎት ከቆመ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ የሚጠራው የለም፤ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ይህን ሕግ ያወጣሁባችሁ እኔው ነኝ። የጾም ጸሎት ደግሞ ስግደት አለው። አገጬ ሲለበልበኝ ጠላት ሊያስተጓጉለኝ ነው ብዬ ጭራሽ ጨመርሁበት። ስወጣ ዙሌካን በጆግ ውሃ ሞልታ በሩ ሥር ቆማ አገኘኋት፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። ስታጥበኝ የጢሜ እኩሌታ ፎጣው ላይ ቀረ፤ የተረፈውም የበቆሎ ጢም መሰለ። በማግሥቱ ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁት። እናትሽ ይህን አገጭ ካየች ሠላሳ ዓመት እንዳለፋት ተናግራ ወደ ማጀት ገባች፤ እዚያ ሆና ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

እኔም ፈረድሁ። ባለ ርግቧ መርዝ ናት፣ በልጄ ደጅ አትገባም አልሁ። አቶ ሸምሱ ክርክር አላነሣም፤ አገጬን አየት አድርጎ፣ ባለቤቱ ሐሚዳ አራት ወር ሙሉ በዚሁ ቅባት መሠራቷን ብቻ ነግሮኝ ጣሳዎቹን ይዞ ሄደ። በዚያው ሳምንት ወዳጄ አቶ ዋቅጅራ የልጁን የገዲሴን ሠርግ ሊያማክረኝ ከለቡ መጣ። ገና ከበር ቆሞ «ገሠሠ፣ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል፤ ገዲሴ ከአምስት ሚዜዎቿ ጋር በእኛ ቤት ልትሠራ ነበር፤ ማለስለሻ ከሌለ ግን ፒያሳ እሄዳለሁ ብላለች። የባለ ጣዎሱ ሁለት ጣሳ ደግሞ ለሆሣዕና እንኳ እንደማይደርስ ዐየሁ።

ዙሌካ የመጣችው ዋቅጅራ ሲሸኝ ነው። «አባባ፣ ቅባቱ አላጠፋም» አለችኝ። «ያጠፋነው እኔና እርስዎ ነን። እርስዎ አልወጡም፤ እኔም አላንኳኳሁም።» ለምን አላንኳኳሽም ብዬ ተቆጣኋት። «እርስዎን?» አለችኝ።

ያቺን አንዲት ቃል ይዤ ሰነበትሁ። የእኔ መምህር በሰባ ዓመታቸው በጉባኤው መካከል ተነሥተው የሳትሁት እኔ ነኝ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያን ቀን ይልቅ ከብረው የታዩኝ ጊዜ የለም። ስለዚህ አቶ ሸምሱን መልሼ አስጠራሁት። በእርሱና በሠራተኞችሽ ፊት ፍርዴን ራሴ ሻርሁ። ዙሌካ በፈቃዷ በራሷ ጠጉር ላይ ልትፈትነው ተነሣች፤ እኔ ከመጋረጃው ውጭ ሰዓት ይዤ ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ ጠራሁ። ጠጉሯን ለወንድ ስለማታሳይ እናትሽ ገብታ አየችው፤ እንደ ሐር ሆኗል ብላም መሰከረች። ገዲሴና ሚዜዎቿ በሠርጉ ዋዜማ በባለ ርግቧ ተሠርተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከጠጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ባዶ ወንበር አይገኝም።

ስለዚህ ቁርጡ ይህ ነው፤ ተሻግረናል። ባለ ጣዎሱ መርከብ ሙሉ ቢመጣ እንኳ አትላኪልን። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሸለመኝን የኪስ ሰዓት ከመታጠቢያው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ጸሎት የቅባት መለኪያ አይሆንም፤ ቅባትም ጸሎት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ደቂቃው ሲሞላ ማንም ቢሆን ይጠራ ብዬ አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ።

ትናንት በስድስት ሰዓት በጸሎት ላይ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ሰዓቱ ቆሞ ኖሯል፤ አንዲት ደንበኛ ተቀብታ ተቀምጣለች፤ አሞላሉን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ፣ ዳዊቴን አጥፌ ወጣሁ።

ለአቶ አምሐ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው። ሕፃኑን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። እናትሽ እጅግ አድርጋ ትናፍቅሻለች። አቶ ዋቅጅራና ገዲሴ እንደ ምን ሰነበትሽ ይሉሻል። ዙሌካም እጅ ነሥታለች፤ ጢሜ መብቀል መጀመሩን እንድጽፍልሽ አደራ ብላኛለች።

አባትሽ
ገሠሠ በኃይሉ
ጎፋ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.