አመድ የማይወደው ብረት

ጥቅምት 6፣ 1997

የሰሊጥ መኪኖች ቀኑን ሙሉ አቧራ አስበሉን። የገዳሪፍ ገበሬ ማረሻው ዛሬ ካልተበየደለት የሚሞት ይመስለዋል። እኔ? እንደ ወትሮው፣ የአባዬ ብየዳ ቤት በር ላይ። "አባዬ አሁን ይመጣል፣ ይቀመጡ፣ ውኃ ይጠጡ..." ለእኔ የሚፈቀድልኝ የአልጋ እግር መበየድ ብቻ ነው።

አክስቴ ውባየሁ ከከሰላ ደወለች። የጨርቅ ሱቋ ረዳት ይፈልጋል። አባዬ እየሰማሁት "ዕፀገነትን እልክልሽ ይሆናል" አላት። ጨርቅ ስለካ ልኑር?

ጥቅምት 9

የጋላባትን መንገድ የሚሠሩት ሰዎች የድንጋይ መፍጫቸውን መንጋጋ፣ ድንጋዩን የሚያደቅቀውን ወፍራም ብረት፣ አመጡ። ስንዝር የሚያህል ስንጥቅ አለበት። ከእነሱ ጋር የመጣችው መሐንዲስ ሱዳናዊት ናት፣ ኢንቲሳር ትባላለች። አዲሱ መንጋጋ ከፖርት ሱዳን እስኪደርስ ይህ ካልሠራ መንገዱ ይቆማል አለች። አስረክባን ተመለሰች።

አባዬ በመዶሻ ኳ አደረገው። "ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው፣ አውቀዋለሁ።" ለፈሰሰ ብረት ሥርዓቱ አንድ ነው... ከሰል ላይ ማሞቅ፣ መበየድ፣ አመድ ውስጥ መቅበር። ቀስ ብሎ እስኪበርድ ድረስ አመዱ አጠገብ የደረሰ ሰው ወዮለት።

ጥቅምት 13

የበየድነው መንጋጋ ተሰበረ። ሥራ በጀመረ በጠዋቱ፣ ከብየዳችን አጠገብ። አባዬ ምሳ አልበላም። ሙያው ሲነካ የሚያኮርፈው ሆዱ ነው።

ጥቅምት 14

ኢንቲሳር ወርሻችን፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ፣ ቁጭ ብላ ዋለች። ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ማግኔት ይዛለች። ማረሻ ላይ አስጠጋችው፣ ጥብቅ። መንጋጋው ላይ ስታደርገው ግን ዱብ አለ። "ያ ዐም ካሣ፣ ይሄ ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ነው። አስቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር" አለችው አባዬን። "ያ ዐም" በዐረብኛቸው "አጎቴ ሆይ" ነው።

እኔ እንደገባኝ... ብረት ውስጡ ረድፍ ረድፍ የተደረደረ ነው። ይሄኛው በድንጋይ ሲመታ ከረድፉ አንዱ ክፍል ያዘነብላል፤ ካልተነካው ጎን ጋር ሲታይ ፊትና የመስታወት ምስሉ ይሆናሉ። መንታ ይሉታል። እንደዚህ ያሉ ስስ ስስ ድርብርቦች ሲበዙ ብረቱ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፣ ስንጥቅም እንደልቡ አይሮጥበትም።

"ሁሉም ብረት እንዲህ ነው?" አልኳት። አይደለም አለች። ተራ ብረት በኃይለኛ ብርድ ድንገት ከተመታ፣ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያው መንታው ጋ ሊሆን ይችላል። ያው መንታ ለስንጥቅ እዚህ አጥር፣ እዚያ በር። ኃይለኛ ብርድ፣ ገዳሪፍ ላይ? ሁለታችንም ሳቅን።

"ታዲያ እኛ ምን አጠፋን?"

"ብዙ አሞቃችሁት፣ ከዚያ አመዱ ቀስ ብሎ አበረደው። እንዲህ ሲሆን ውስጡ ተሰባሪ ነገር ያበጃል። መንታው ሳያድነው በፊት ይሰነጠቃል።"

አባዬ የአመዱን ክምር በእግሩ ነካ አደረገው። ከዚያ፣ "አመድ ብረት ሲያበላሽ አይቼ አላውቅም።"

ጥቅምት 15

ኢንቲሳር ለዚህ ብረት የሚሆን ኤሌክትሮድ፣ የብየዳ ዘንግ፣ አመጣች። እያቀዘቀዙ መበየድ ነው አለች፣ በእርጥብ ጨርቅ። አባዬ እጁን አጣጠፈ። "እኔ ብረት በውኃ አልበይድም።"

"እኔ ልበይደው" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

"አንች?" ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እሽ። ከተሰነጠቀ ግን ከሰላ ነሽ።"

"ካልተሰነጠቀስ?"

"ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

ጥቅምት 16

በየድኩ! መጀመሪያ የተበላሸውን ሁሉ ፈጭተን አወጣን። ከዚያ የጣት ርዝመት እበይዳለሁ፣ በመዶሻ ቀጥቀጥ አደርገዋለሁ፣ ጨርቁን አለብሰዋለሁ። አጠገቡ እጄን አሳርፌ ካላቃጠለኝ ብቻ እቀጥላለሁ።

አባዬ በርሜል ላይ ተቀምጦ አየ። ጨርቁን ባስቀመጥኩ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፣ ልጁን ጎርፍ እንደወሰደበት ሰው። ከሰዓት በኋላ ግን ምን አለ? "ጨርቅሽ ደርቋል።" ነክሮ ሰጠኝ።

ጥቅምት 20

መንጋጋውን ከወሰዱት ወዲህ ወሬ የለም። አክስቴ መቼ ነው የምትመጭው አለችኝ። መሄድ አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 2

አዲሱ መንጋጋ ከፖርት ሱዳን ደርሷል፤ ግን መጋዘን ተቀምጧል። የእኔው ገና እየፈጨ ነው!

አባዬ በዓይኔ ካላየሁ አለና የመንገዱ ሰዎች ይዘውን ሄዱ። መፍጫውን ለምሳ ሲያቆሙት ተጠጋ። የመንጋጋው ፊት በድንጋይ ተመትቶ ያበራል። ሞረድ አውጥቶ ሞከረው፤ ሞረዱ ሳይነክሰው ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ። "ወይ ጉድ" አለ። ስንመለስ ያወራው ስለ ሰሊጥ ዋጋ ብቻ ነው። ታዲያ መች ነው የምንነጋገረው?

ኅዳር 5

ስንሻው የሚባል ገበሬ ከፋሽጋ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ፣ የተሰበረ የውኃ ፓምፕ አካል ይዞ መጣ። አባዬ ከደረት ኪሱ ምን አወጣ... ማግኔት።

"ከየት አመጣኸው?"

"ያችን መሐንዲስ ለመንኳት።" ፓምፑ ላይ አስጠጋው፣ ያዘ። ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ማግኔት የያዘው የእኔ፣ ያልያዘው ያንች።"

"አባዬ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ማግኔት የማይዘው የጫማህ ማሰሪያ ብቻ ነው እኮ።"

አባዬ እንዳልገባው ሆነ። ስንሻው ሳቀ፣ አባዬም ሳይወድ ሳቀ። ስልኩ ጮኸ፤ አክስቴ ናት። "ውቤ፣ ሌላ ረዳት ፈልጊ። ይች ሥራ ይዛለች" አላት። እኔን ሳያይ።

ከዚያ የብየዳ መነጽሩን ወደ እኔ ገፋው። "የእኔንም አንች በይጅው። አመዱን እኔ አለብሰዋለሁ።"

ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ለዚህኛውስ አመድ ይገባዋል።