በሩ ላይ የቀሩት ጣቶች

ሳሚ፣
ውርጌሳ ሄጃለሁ፣ በሚኒባስ። ለእራት አትጠብቀኝ።
ለመኪናህ የቀለም መከላከያ ላስቲክ የለጠፈልህ ሰውዬ ደውሎ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ውኃ እንዳታስነካው ብሏል።

ትናንት ውርጌሳ ላይ አንድ ሽማግሌ የታመመች ልጃቸውን አዝለው፣ «ሆስፒታል አድርሱን ልጆቼ» ብለው የመኪናህን በር ቢደገፉ፣ «እጅህን አንሳ፣ ላስቲኩ አልደረቀም!» ብለህ ጥለኻቸው ነዳህ።
አባትህን የሚያህሉ ሰው፣ አንተ ብለህ!
ካንተ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩት፤ ጎንህ ተቀምጬ ትንፍሽ አላልኩም።

ልጅቷ ምን እንደሆነች ጠይቄ እመጣለሁ።

አምስቱ ጣቶቻቸው ላስቲኩ ላይ ታትመው ቀርተዋል። ልወለውለው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።
ለስላሳው ጨርቅ መስኮቱ ላይ ነው።
አንተ ጥረገው፣ ከቻልክ።

ፍፁም