ሥራዋ ማልቀስ

አዮዋ፣ ኤፕሪል 11 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የልብሽን ቀዶ ሕክምና ለሜይ ስድስት እንደቆረጡልሽ ከልጄ ከግዌን ሰማሁ። እግዚአብሔር ከሐኪሞቹ እጅ ጋር ይሁን። ዓይንሽስ ያነብባል ወይስ ይችንም ደብዳቤ ለዚያች ለደጓ ነርስ ልትሰጫት ነው? ነርሷን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ግን ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አጉልቼ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። በረዶው ሄዶልናል፤ ጭቃው ግን እስከ ደጃፌ ነው። አንቺ አሪዞና ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ ጭቃ ምን እንደሚመስል ረስተሽው ይሆናል።

ስልክ እያለን ለምን እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። ባለፈው እሑድ “እታለም፣ ከእኔ በፊት ኮሪን የምትባል ልጅ ነበረች ወይ?” ብዬ ስጠይቅሽ “ምድጃ ላይ ድስት ጥጃለሁ” ብለሽ ዘጋሽብኝ። እታለም፣ ያንቺ ክፍል ምድጃ የለውም። ሁለት ጊዜ መጥቼ አይቼዋለሁ። ማክሰኞም ሐሙስም ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ሳነፈንፍ እንደምኖር ስትነግሪኝ ኖረሻል፤ በሰማንያ ዓመቴ ጸባይ አልቀይርም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከጃንዋሪ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተወለድን ሰዎች ተሰብስበን የሕይወት ታሪካችንን እንጽፋለን። አሥራ አንድ ነን፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ቪክተር፣ ማለት ድል አድራጊ፣ ይባላሉ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ድሉ ሳይመጣ ስሙን ለልጁ ያወጣ ነበርና። የምንጽፈውም ያው አንድ ዓይነት ነው። አባት የሚሉትን ፎቶ በየማታው እየሳምን ተኛን፤ አንድ ቀን ፎቶው በር ከፍቶ ገባ፤ እኛም አልጋ ሥር ተደበቅን። ሁሉም የራሱ ብቻ መስሎት ነው የሚያነበው፤ እኔም ጭምር።

የምትመራን ኬልሲ የምትባል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፣ ዕድሜዋ የልጅ ልጄ ነው። በማርች አንድ ቀን ለሚቀጥለው ረቡዕ ከተወለዳችሁበት ጊዜ አንዳንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ አለችን። እኔ የት እንደምሄድ ወዲያው አወቅሁ፤ የእማዬ ስፌት መኪና፣ ታችኛው መሳቢያ። በሕይወት ሳለች ያንን መሳቢያ ስነካ እጄን ቸብ ታደርገኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከሞተች ሠላሳ አንድ ዓመቷ፤ አሁንም ስከፍተው ዞር ብዬ አየሁ። ከልብስ ሞዴል ወረቀቶቹ ሥር፣ በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ቀለብ በኩፖን የሚያድልበትን የራሽን ደብተር አንድ አገኘሁ። ከላዩ ላይ ስሜ አለ፣ ኮሪን ሜይ ስትራድሊ። መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ፣ ገና ጥርስ ሳላወጣ መንግሥት በስሜ ስኳር የቆረጠልኝ ሰው ነኝ ብዬ ተመጻደቅሁ። ኬልሲ ሽፋኑን ጮክ ብላ አነበበችው። ዕድሜ፣ አራት ወር። ክብደት፣ አሥራ አራት ፓውንድ። ቁመት፣ ሃያ አምስት ኢንች። ሥራ የሚለው ጋ ስትደርስ አቆመችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በእማዬ እጅ ጽሑፍ፣ በዚያ ወደ ቀኝ በሚያጋድለው፣ “ማልቀስ” ይላል። ጀርባው ላይ ደግሞ ሐሰተኛ ቃል የሞላ ሰው እስከ አሥር ዓመት ይታሰራል ተብሎ ታትሟል። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ደልበርትን ታውቂዋለሽ፣ የትራክተር ዕቃ ይሸጥ የነበረው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው ስህተት ሲያርም የኖረው። “ቆይ፣ ቆይ፣ ኮሪን! ይሄ ሦስተኛው ደብተር ነው፤ በ43 በጋ ነው የወጣው፣ የእኔም ቤት አለ። አንቺ የ44 ልጅ አይደለሽም እንዴ? ወይ ዕድሜሽን ደብቀሽናል፣ ወይ ሳትፀነሺ ታለቅሺ ነበር!” አለኝ። ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከሁሉ ቀድሜ ያቆምኩትም እኔ ነኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ማክሲን ሳትስቅ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። “በእኛም ቤት ከእኔ በፊት የሞተ ነበረ። ስሙ አይነሳም ነበር” አለችኝ በጆሮዬ።

ሁለት ቀን ተናደድሁ፣ አልደብቅሽም። ካፖርቴ ያንቺ፣ ቦርሳዬ ያንቺ፣ የገና መዘምራን ቀሚሴ ያንቺ ነበር። አዲስ ሆኖ ለእኔ ብቻ የተሰጠኝ ስሜ ነው ብዬ እኮራ ነበር። ለካ እሱም ውርስ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ንዴቱ ወጣልኝና የማወቅ አመሌ ተነሳ፤ ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊው ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው። “ሟቿ ለእርስዎ ምንዎ ናት?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ። እህቴ ናት አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ የወጣው እዚያ፣ ወረፋ ከያዙ ሰዎች ፊት ነው።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1943 ተወለደች። ዲሴምበር 19 ሞተች። ትክትክ። አባባ ከጦር ካምፑ ለቀብር የአሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት መጣ። እኔ በሴፕቴምበር ተወለድሁ። ቁጠሪው፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ይሁንና ከሁሉ የገረመኝ ምን መሰለሽ? እማዬ ትቀልድ ነበር! ሬዲዮው ላይ ሰዎች ሲስቁ ድምፁን የምትቀንሰው እማዬ፤ ለልደቴ ኬክ ጋግራ፣ ሻማውን ራሷ እፍ ብላ አጥፍታ ወደ ጓሮ የምትወጣው እማዬ፤ እሷ ናት የመንግሥት ወረቀት ላይ የሕፃን ሥራ ማልቀስ ነው ብላ የጻፈችው። ያችን ሴት እኔ አላየኋትም። አንቺ ግን ሰባት ዓመት አብረሻት ኖርሽ። ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ትዘፍን ነበር? ሰው ስታስመስል ታስቅ ነበር? ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ከዚያ ደብተሩን እቤት ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ አየሁት። እስከ ዲሴምበር ያሉት ኩፖኖች ተቀድደዋል። ከዚያ ወዲህ ያሉት እንዳሉ ናቸው፤ የስኳር ያለህ በሚባልበት ዘመን አንዲት አልነካችም። ሰው ሲሞት ደብተሩን መልሱ ይባል ነበር፤ እሱንም አልመለሰችም። የአውሮፕላን ሥዕል ካለባቸው ግን የመጀመሪያው ብቻ ተቆርጧል። ደልበርትን በስልክ ጠየቅሁት። “የጫማ ነው እሱ። ከኖቬምበር አንድ ጀምሮ ነበር የሚሠራው። ሕፃን በጫማ ምን ሊሠራ? ከቤቱ ላነሰው ሰው ይገዙበት ነበር” አለኝ።

በቤቱ ጫማ ያነሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም። ትምህርት ቤት የምትሄጂ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አዲስ ጫማ በተገዛልሽ ቁጥር ታለቅሺ ነበር፣ አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላሽ። እኔ አሮጌሽን በወረቀት ጠቅጥቄ እያጠለቅሁ “ይች ቅንጡ!” እልሽ ነበር። ይቅር በይኝ።

ቂሜንም ልንገርሽ፣ ሆዴ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ዓመት ተቀምጧል። ራስልን የወለድሁ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍረሽ መጣሽ፤ ልጄን ሳቀብልሽ እጆችሽን ወደ ኋላ አድርገሽ “ጉንፋን ሳይዘኝ አይቀርም” አልሽ። ጉንፋን አልነበረብሽም። ከሦስቱ ልጆቼ አንዱን እንኳ ክንድሽ ላይ አላየሁም። ትንቀኛለች፣ የገበሬ ሚስት ስለሆንሁ ነው፣ ልጅ ስላልወለደች ቀንታ ነው፤ ያላልሁት የለም። ለሰውም አውርቼዋለሁ። አሁን ደብተሩን ይዤ ስቀመጥ እነዚያ ወደ ኋላ የሄዱ እጆችሽ መጡብኝና አለቀስሁ። የሰባት ዓመት ልጅ በሕፃኗ ኩፖን በተገዛ አዲስ ጫማ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ስታስል ወደ ቤት ተመልሳ፣ ከዚያ ሕፃኗ ስትሞት ምን ምን እንዳሰበች ማንም አልጠየቃትም ማለት ነው።

እኔ ግን እንደምታውቂኝ አንድ መዝገብ አይበቃኝም። ኬልሲ የድሮውን የከተማችንን ጋዜጣ በማይክሮፊልም አወጣችልኝ። ማን ከማን ጋር ምሳ እንደበላ ሳይቀር የሚጽፈው ጋዜጣ። በዲሴምበር ዘጠኙ እትም ትክትክ ስለገባባቸው ሰው እንዳይገባ በራቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው ቤቶች በየተለጠፈባቸው ቀን ተራ ተዘርዝረዋል። አሥራ ሰባት ቤት ነው፤ የእኛ አሥራ አራተኛው ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ሄድሁ። በኖቬምበር መጨረሻ የምስጋና ቀን እራት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። የጻፉትን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦ “ወይዘሮ ስትራድሊ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ተገኝተዋል። ሕፃኗ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስትዞር አምሽታለች። ትልቋ ልጃቸው ጆሮዋን ስላመማት ከጎረቤት ዘንድ ቀርታለች።”

ሁለት ጊዜ አንብቢው፣ እታለም። ጋዜጣው በዚያ ምድር ቤት ተገኙ ካላቸው ቤቶች ስድስቱ ዝርዝሩ ላይ ከእኛ በፊት አሉ። በሽታው በማን በኩል እንደገባ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ጫማውም ያንቺ ነበር፤ እግርሽ አድጎ ነበርና። እማዬ ደግሞ ያንን ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ሳታነብ መብራት አጥፍታ እንደማትተኛ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ካወቅኋት ጀምሮ የምስጋና ቀን እራት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አታውቅም፤ ወጥ ቤት ሥራ አለብኝ ትል ነበር። ከዚህ በላይ አልጨምርም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ሆድ ይፍጀው ብለው፣ አንዷ ለአንዷ ሳይተነፍሱ ሲኖሩ አይቼ ኖሯል። ይነቅዛል፣ እታለም።

ትናንት መቃብሩ ድረስ ሄጄ ነበር። በሜይ መጨረሻ መቃብር ስናስጌጥ እማዬ ሁልጊዜ አንድ እቅፍ የፒዮኒ አበባ አስተርፋ በቡና ቆርቆሮ አድርጋ ከጥዱ ኋላ ትልክሽ ነበር። ለማን ነው ስላት “ለማንም። የተረፈ ነው” ትለኝ ነበር። ከጥዱ ኋላ ስም የሌለው የጫማ ሳጥን የሚያህል ሲሚንቶ አገኘሁ። ግዌን ድንጋይ እናሠራላት ብላ ጠራቢው ዘንድ ወሰደችኝ። ስሙን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና “የራስዎን ነው እንዴ እመቤቴ? ምን አስቸኮለዎት?” አለኝ። ሳቅሁበት። እማዬም ብትሰማው ያኔ ትስቅ ነበር ብዬ አሰብሁ።

ድንጋዩ ይቆያል። የምለምንሽ ሌላ ነው። በምድር ላይ ያችን ልጅ ያየ ሰው አንቺ ብቻ ቀርተሻል። ለቀዶ ሕክምናው ከመግባትሽ በፊት፣ በወረቀት ጀርባም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ካልሆነም ደውይና ድስቱን ከምድጃው አውርጂው። አቅፈሻት ነበር? ማንን ትመስል ነበር? አንቺን ስታይ ትስቅ ነበር? ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ትጠሯት ነበር? እኔ ክብደቷንና ቁመቷን ነው የማውቀው።

ጌታ ልብሽን ያጽናልሽ፤ ሐኪሞቹን ይምራልሽ። ግዌንና ራስል ሰላም ይሉሻል፤ የራስል የልጅ ልጅ በማርች ተወልዳለች፣ ጤነኛ ናት፣ ጩኸቷ ሌላ ነው። ስትድኚ ይዣት እመጣለሁ። እጅሽን ወደ ኋላ ብታደርጊም አልቀየምሽም።

የምትወድሽ፣
ሁለተኛዋ ታናሽ እህትሽ